የአእምሮ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ ላይ ሰው ካተኮሰው መጀመሪያ የሚባለው "ወባ ነው" ነው፣ አንዳንዴም ልክ ነው። ግን ሰውዬው ሀሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን ወይ በየወሩ የሚወጋውን ፍሉፌናዚን የሚወስድ ከሆነ ትኩሳቱን ብቻ አትዩ፣ ክንዱን ያዙና ለማጠፍ ሞክሩ።

ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱም ግትር ብሏል

ክንዱ አልታጠፍ ካለ፣ ላቡ ከተንቆረቆረ፣ ከተቀባዠረ ወይ አፍጥጦ ዝም ካለ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ይገድላል። መድሃኒቱ ጭንቅላት ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ሥራ ሲዘጋ ጡንቻ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ሙቀት ያመነጫል፣ እየተጎዳ ሲሄድ ደግሞ ኩላሊትን ይዞ ይወድቃል፣ ሽንት እንደ ኮካ የሚጠቁረው ለዛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መድሃኒቱ በተጀመረ ወይ ዶዙ በተጨመረ በ2 ሳምንት ውስጥ ይመጣል፣ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል።

ቀጣዩን ክኒን አትስጡት፣ አርቴንም (እነዚህ መድሃኒቶች ለሚያመጡት ግትርነትና መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ክኒን) ለዚህኛው አይሆንም። ጋቢ አትደራርቡበት (ደሴ ብርድ ነው ብላችሁም ቢሆን)፣ አውልቁለትና በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት፣ ራሱን ካላወቀ ውሃ በግድ አታጠጡት። ኮምቦልቻ ያላችሁ የሀረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንድረስ ከማለት ቅርብ ያለው ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ግቡ፣ ካስፈለገ ሪፈር የሚጽፉት እነሱ ናቸው። መድሃኒቱን ከነማሸጊያው በፌስታል ያዙ፣ መርፌም ከሆነ መቼ እንደተወጋ ተናገሩ ምክንያቱም መርፌ እንደ ክኒን ዛሬ ስለቆመ ከሰውነት አይወጣም። የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ግትር ማለቱን ደጋግማችሁ ንገሯቸው፣ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ ሲኬ (CK) የሚባል የደም ምርመራ አለ።

አንገቱ ተጠማዟል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል

ትኩሳት የለውም፣ ያወራችሁትንም ይሰማል፣ ግን መንጋጋው ተቆልፏል ወይ ምላሱ ወጥቷል። ይሄ ዲስቶኒያ ነው፣ መድሃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር፣ መድሃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመጣል፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ። ሰፈር "ጂኒ ነው" ይልና አንዱ ሼሁ ጋ አንዱ ጠበል ይላል፣ መሄዱን ማንም አይከለክልም፣ ግን መጀመሪያ ጤና ተቋም፣ በአንድ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለቀው ይችላል። ድምፁ ከታፈነ ወይ መተንፈስ ካቃተው ግን ሩጡ።

ክሎዛፒን ይወስዳል፣ ጉሮሮውን አሞታል

ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት። ይሄ መድሃኒት አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ ስለዚህ ትኩሳት ወይ የጉሮሮ ህመም ካለ የዛኑ ቀን የደም ቆጠራ ይሰራለት።

መጀመሪያ ካልነው ትኩሳትና ግትርነት ከዳነ በኋላ መድሃኒቱን በራሳችሁ አትመልሱ፣ ለዘላለም ቆሟል ብላችሁም አትወስኑ፣ ሐኪሙ ቢያንስ 2 ሳምንት ጠብቆ ሌላ ሊመርጥ ይችላል። የትኛው መድሃኒት እንደጎዳው ካርዱ ላይ አስጽፉ።