እንዳሁላን በአበባው እንዴት እንለየዋለን?

ወፍራም ቅጠል ያለውን ሁሉ እንዳሁላ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ከካብ ስንጥቅ የሚበቅለው፣ ጎረቤታችን በዘይት ቆርቆሮ የተከለችው፣ ከኮምቦልቻ ችግኝ ሻጭ የገዛሁት፣ ሁሉም ለእኔ እንዳሁላ ነበር። ቆይቶ ልለያቸው ብዬ ተነሳሁና በቅጠላቸው ለየኋቸው። ሦስት ቁራጭ ሦስት ማሰሮ ላይ ተክዬ ሦስት የተለያየ ስም ጻፍኩባቸው። አንደኛው ፀሐይ ላይ የነበረ ስለሆነ ቅጠሉ ትንሽና ቀላ ያለ፣ ሁለተኛው ጥላ ውስጥ ያደገ ሰፊና ለምለም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአበባው ግንድ የተቆረጠ ስለነበር ቀጭን ቅጠል ያለው ነበር። ሲያብቡ ሦስቱም አንድ ሆነው አረፉት።

እንዳሁላ የምንለው በሳይንሱ ካላንኮይ የሚባል ወገን ነው። ስሙን ለወገኑ ያወጣለት ፈረንሳዊው ሚሼል አዳንሰን ነው፣ በ1763። ከ100 በላይ ዝርያ አለው፤ ብዙዎቹ የማዳጋስካርና የአፍሪካ ናቸው። ወገኑ የሚገባበት ቤተሰብ ክራሱላሴ ይባላል። የዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ ተክሎች አየር የሚያስገቡት ሌሊት ነው፤ ቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ውሃቸውን ይቆጥባሉ። ካብ ላይ፣ አፈር በሌለበት፣ ለምልመው የሚያድሩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ምላጭ፣ መርፌ፣ ጥቁር ፌስታልና አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ያዙ። ሌንስ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ፎቶ አይተው ስም የሚሰጡትን አፕሊኬሽኖች ግን ለዚህ ወገን አትመኑ። ቅጠሉን አይተው ሊወስኑ ይችላሉ፣ ቅጠሉ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ ያበበ ተክል ፈልጉ። እኔ በብዛት የማገኘው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ከሥሩ አትንቀሉት፤ አበባም ቅጠልም ያለው አንድ ግንድ ይበቃል።

ግንዱን ስትቆርጡ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ቁልቋል ወይም ዘመዱ ነው፣ እዚያው ተዉት፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ እንዳትነኩ። ወተት ከሌለው ቅጠሎቹን እዩ። የእንዳሁላ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፣ የላይኛው ጥንድ የታችኛውን እንደ መስቀል ያቋርጠዋል። ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርቶ የተደራረበ ከሆነ እሬት ወይም የእንዳሁላ ዘመድ የሆነው ኢዮኒየም ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች ላይ የሚገኘው ኢዮኒየም ሌውኮብሌፋረም ይባላል፣ ትርጉሙ ነጭ ሽፋሽፍት ነው። በሌንስ ጠርዙን ብታዩ በእርግጥም የዓይን ሽፋሽፍት የመሰለ ነጭ ጸጉር አለው።

አሁን ዋናው፣ አበባውን መክፈት። እኔ ለብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የእንዳሁላ አበባ ከላይ ሲታይ አራት ጫፍ ያለው ትንሽ ኮከብ ነው። አራቱ መልካበባዎች (የአበባው ባለቀለም ቅጠሎች) ግን ከታች ተጣብቀው ቱቦ ሠርተዋል። ከላይ ወደ ቱቦው አፍ ብታዩ አራት የወንዴ ክር ጫፎች ይታያሉ። እኔም አራት ብዬ ጽፌ እቀመጥ ነበር። ሌሎቹ አራት ግን ቱቦው ውስጥ ዝቅ ብለው ተጣብቀዋል፣ ካልተሰነጠቀ አይታዩም። በጠቅላላው ስምንት ናቸው፣ በሁለት ደረጃ።

ስለዚህ ዛሬ የተከፈተ አበባ ምረጡ። ያረጀው ይጠወልጋል፣ አንዳንዱም ጫፉ ይጠማዘዛል፤ እንዲህ ካለው ምንም አይቆጠርም። አበባውን ጥቁሩ ፌስታል ላይ አጋድሙት፣ ነጭ ክር በጥቁር ላይ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። በሁለት ጫፎች መካከል ምላጩን አሳርፋችሁ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሳቡ። መቀስ ግን አትሞክሩ፣ ቱቦውን ይጨፈልቅና ክሮቹን ያጣብቃቸዋል። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ ዘርጉት። የላይኞቹ አራት አፉ አጠገብ፣ የታችኞቹ አራት ዝቅ ብለው ሲታዩ በጣም ያምራል፣ እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መሐል ላይ ደግሞ አራት ቀጫጭን የሴቴ ክፍሎች ቆመዋል፣ ከሥራቸው የአበባ ማር የሚያመነጩ አራት ደቃቅ ቅርፊቶች አሉ። ሁሉም በአራት ነው።

ቆጠራውን ቢያንስ በሦስት አበባ ደጋግሙት፤ አንዱ አበባ አንዳንዴ ከመስመር ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት መልካበባና አምስት ክር ከሆነ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነው ክራሱላ ነው። አምስት ያልተጣበቁ መልካበባዎችና አሥር ክር ካገኛችሁ ሌላው ዘመዱ ሴዱም ነው። ስድስት በስድስት ከሆነ ቤተሰቡም ሌላ ነው፣ እሬትን አስቡ። ኢዮኒየም ከስድስት በላይ መልካበባ አለው፣ አበባው ቢጫ ነው።

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዝርያው ይቀላል። ቅጠሉ ቡናማና ሐምራዊ ነጥብ የተረጨበት፣ አበባው ነጭና ቱቦው በጣም ረጅም ከሆነ ካላንኮይ ማርሞራታ ነው። ግንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ጸጉራም ሆኖ ጣት ላይ ከተጣበቀ ካላንኮይ ላንሲኦላታን ተመልከቱ። ካላንኮይ ፔቲቲያና የሚባለው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከአንቷን ፔቲ ነው። ሰውየው አገራችን መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ገደለው። ያን ካወቅኩ ወዲህ ይህን ተክል ሳይ ዝም ብዬ አላልፈውም። ከችግኝ ሻጭ የምትገዙት በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ችግኞች የሚያበቅለውና አበባው ወደ ታች የሚንጠለጠለው ደግሞ ከማዳጋስካር የመጣ ነው፤ አንዳንድ ሊቃውንት ብራዮፊለም ብለው ለብቻው ወገን ያደርጉታል።

ናሙናውን ማድረቅ ከፈለጋችሁ ከኔ ተማሩ። የመጀመሪያውን ግንድ ጋዜጣ ውስጥ አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ጫንኩበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው አልደረቀም። ቅጠሎቹ ረግፈው፣ ግንዱ ጨለማው ውስጥ ነጭ ሥርና አዲስ ቡቃያ አውጥቶ ጋዜጣውን አሻግቶት ነበር። እንዳሁላ ውሃውን ስለያዘ ቶሎ አይሞትም። አሁን አበባውን ከፍ አድርጌ ይዤ ቅጠልና ግንዱን ለግማሽ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ እነክራለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ጋዜጣ ውስጥ አስገባለሁ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ሳምንት።

እጃችሁን ታጠቡ። ወገኑ ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው ዝርያዎች አሉት፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከብት ይገድላሉ። ቅጠሉን የሚጠጣ ወይም የሚበላ ሰው ካያችሁ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳይሞክረው ንገሩት።

ናሙናው ላይ የተገኘበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የአበባውን ቀለም ጻፉ። ቀለሙን እዚያው ቆማችሁ ጻፉት፣ ሲደርቅ ይጠፋል። እንዲህ የተሟላ ናሙና ከሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ከተቀመጡት ጋር ለማስተያየት ይዞ መሄድ ይቻላል።