ጠላው ለምን እምቢ አለ? በአንድ ክፍል ቤት ለሚጠምቁ ችግርና መፍትሔ

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑ የራሱ ጓዳ ነበረው። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ተከራይቶ የሚኖር ሰው ያለው አንድ ክፍል፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል፣ አንድ ትልቅ ድስትና ምጣድ ነው። በዚህም ዕቃ ማለፊያ ጠላ ይወጣል። ሲበላሽ ግን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ብቅሉን ወይም ጌሾውን ነው። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋቱ ከክዳኑ፣ ከሙቀቱ ወይም በርሜሉ ከተቀመጠበት ቦታ ሲሆን ነው። ስለዚህ እህሉን ከመውቀስዎ በፊት ዕቃውን ይመርምሩ።

ጥንስሱ ዝም ሲል

ብቅሉ ከገባ በኋላ ጆሮዎን በርሜሉ ላይ ያስጠጉ። ሕይወት ያለው ጥንስስ ዝናብ በሩቅ ሣር ላይ ሲያካፋ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ምንም ካልተሰማና ላዩ ላይ አረፋ ከሌለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቅዝቃዜ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር በሁለት ቀን የሚነሣው ጥንስስ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ያውም በሐምሌ፣ አራት ቀን ቢፈጅበት አይገርምም። የሲሚንቶ ወለል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይመጥጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በርሜሉን በጣውላ ወይም በዱካ ላይ ያንሱት፣ በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉት፣ ከውጭው ግድግዳ ያርቁት። ቤቱን ለማሞቅ ብለው ግን የከሰል ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው አይተኙ። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ለጠላ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ቦታው ሞቃት ሆኖ ጥንስሱ ዝም ካለ እንኩሮው፣ ማለትም ምጣድ ላይ የበሰለው የዱቄት ፍርፋሪ፣ ሳይበርድ ገብቶ ይሆናል። እንኩሮ መሐሉ ላይ ሙቀት ይደብቃል፤ ላዩ የበረደ መስሎ ውስጡ እጅ ያቃጥላል። እንዲህ ያለው ሙቀት እርሾውን ይገድላል። እንኩሮውን በሰፊ ሰፌድ ላይ በትነው፣ እጅዎን መሐል አስገብተው ለብ እንኳ እስከማይልዎ ድረስ ይጠብቁ። እርሾው አንዴ ከሞተ ቀን በመጨመር አይነሣም። በደንብ እየፈላ ካለ ድፍድፍ (ገና ካልጠለለ ጠላ) አንድ ሁለት ኩባያ ከጎረቤት ለምነው ይጨምሩበት።

ፈልቶም ውሃ ውሃ ሲል

እዚህ ላይ ብቅሉ በእርግጥ ይጠየቃል። ከገበያ ሲገዙ ጥቂት ፍሬ ይቆርጥሙ። ጥሩ ብቅል ጥርስ ላይ ይፈረፈራል፣ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። እንደ ጠጠር ከተቋቋመ በቅጡ አልበቀለም። የብቅል ጥቅሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም መያዙ ነው፤ ይህ ኢንዛይም በእሳት ይሞታል። ስለዚህ የአሻሮው እህል ይቆላ፣ ዳጉሳውና በቆሎው እንኩሮ ይሁን፤ ብቅሉ ግን ምጣድ አይንካ። አብሮ የቆላ ሰው ቀለም ያገኛል እንጂ ኃይል አያገኝም።

ብቅሉ ጥሩ ሆኖ ጠላው አሁንም ከቀጠነብዎ የቢራ ጠማቂዎችን ዘዴ ይሞክሩ። ኢንዛይሙ ፈጥኖ የሚሠራው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለዎት 2 እጅ የፈላ ውሃ ከ1 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቅልቅሉ ወደ 67 ይጠጋል። በ3 ሊትሩ 1 ኪሎ የብቅል ዱቄት ሲበጠበጥበት ወደ 60ዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል። ድስቱን ከድነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ሲከፍቱት ቀጭን ገንፎ የሚመስለው ነገር ላልቶ፣ ሲቀምሱት ማር ማር ይላል። ከበረደ በኋላ ወደ ድፍድፉ ይጨምሩት። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ጠላዬ የቀጠነበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሲኮመጥጥ

ብዙ ጠላ የሚጠፋው በዚህ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም የኮመጠጠ ጠላ አይመለስም። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። እናቶቻችን የጋኑን አፍ በጭቃ የሚመርጉት ያለ ነገር አልነበረም። የፕላስቲክ ክዳን ግን ፀሐይ ወይም ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይጣመማል፤ የተከደነ ይመስላል እንጂ አልተከደነም።

አንድ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራዬ ደርሶ፣ ከሦስት ቀን በፊት ስቀምሰው ደኅና የነበረው ጠላ በዋዜማው አፍ የሚያኮማትር ሆኖ አገኘሁት። በማግሥቱ ባዶውን በርሜል ከድኜ የክዳኑን ዙሪያ በሳሙና አረፋ ቀባሁና ጎንና ጎኑን ተጫንኩት። ከእጀታው ሥር፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቦታ ላይ፣ አረፋው እየተነፋ ይወጣ ነበር። ያን ሁሉ ብቅል የበላው ያቺ ቀዳዳ ናት። የእርስዎንም ክዳን ጠላ ከመጥመቅዎ በፊት እንዲሁ ይፈትኑት።

የሚያፈስ ክዳን ከሆነ ጠርዙን በሊጥ ወይም በጭቃ ይምረጉት። ከዚያም የተሻለው ክዳኑን በስተው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ማስገባትና ሌላውን ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር ነው፤ ቱቦው ያለፈበት ቀዳዳም ይመረግ። ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። በየቀኑ እየከፈቱ መቅመስንም ይተዉ። ከጠለሉት በኋላ ወደ ትናንሽ ዕቃዎች እስከ አፋቸው ሞልተው ይገልብጡት፤ ግማሽ ጎደሎ በርሜል ግማሽ አየር ነው።

ክዳኑ ትክክል ሆኖ ደጋግሞ ከኮመጠጠ የበርሜሉን ውስጥ በጣትዎ ይዳብሱ። በሽቦ የተፈተገ ፕላስቲክ ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ የሚደበቀውን ነገር ውሃ አያወጣውም። ለፕላስቲክ ግራዋና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የተጫጫረውን ለእህል ማስቀመጫ ያውሉት።

ሲገነፍል ወይም ዕቃው ሲያብጥ

በርሜሉ ከመጠን በላይ ሞልቷል። 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ 15 ሊትር ይበቃል። በጠመዝማዛ ክዳን የሚዘጋ ጀሪካን ላይ መፍያው ሳያልቅ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አደጋ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ጋዙም በተዘጋ ጠባብ ክፍል ሲጠራቀም ለሰው ጥሩ አይደለም፤ ከአልጋዎ አጠገብ አያፍሉት፣ መስኮት ይክፈቱ።

ሲመር

ጌሾው በዝቷል፤ ለዛሬው ከቀጠነ ጠላ ጋር ይደባልቁት፣ በሚቀጥለው ይቀንሱ። ምሬቱ ጭስ ጭስ የሚል ከሆነ በርሜሉ የታጠነበት ወይራ ነው። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ጭስ አይመጥጥም፤ ላዩ ላይ ጥቀርሻ ይይዛል። ነበልባል በሌለው ጭስ ብቻ፣ ከፍ አድርገው፣ ለአጭር ጊዜ ያጥኑት።

ሌላ ሽታ ሲያመጣ

ብቅሉ ሻጋታ ከነበረበት ይድፉት፤ አተላውንም ለከብት አይስጡ። መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ሽታው የፕላስቲክ ወይም የቀለም ከሆነ የበርሜሉን ታሪክ ይጠይቁ። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የቀለም ወይም የዘይት ቅባት የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። ምግብ የነበረበት ከሆነ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ከድነው ያሳድሩት፤ ጠዋት ያንን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ያሽትቱት። ውሃው ከሸተተ ጠላውም ይሸታል፤ ሌላ በርሜል ይፈልጉ።