«የፈረንጅ ዶሮ ይቅር» አትበሉ፦ ወሎ ውስጥ ለዶሮ ለምትሟገቱ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በፍጥነት የሚያድጉ የሥጋ ዶሮዎች (ብሮይለር) እርባታ እንዲቀር የሚሟገቱ ወጣቶች ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ዓይነት ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ «የፈረንጅ ዶሮ አትግዙ» የሚለው ነው። እባካችሁ ተዉት! የፈረንጅ ዶሮ የሚባል አንድ ዝርያ የለም። ቦቫንስ ብራውን የእንቁላል ዶሮ ናት። ሳሶ ከብሮይለር በዝግታ ታድጋለች፣ ጓሮ ወጥታም ጭራ ትበላለች። የእኛ ሙግት እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ካሉት የብሮይለር ዝርያዎች ጋር ነው። እነሱ በ6 ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ሐይቅ ገበያ ላይ አንዲት እናት የ45 ቀን የሳሶ ጫጩቶች በቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ መጥቶ «ይሄ ዶሮ በሽተኛ ነው፣ አትግዙ» እያለ ወረቀት ያድላል። ሴትዮዋ አንዷን አውጥተው መሬት ላይ ለቀቋት። ወዲያው መጫር ጀመረች። «በሽታዋ የቱ ጋ ነው ልጄ?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ገበያተኛው ሁሉ ለእሳቸው አደላ፤ እውነቱም ከእሳቸው ጋር ነበር። ስለዚህ የዝርያውን ስም ሳትጠሩ አፋችሁን አትክፈቱ።

«በሆርሞን መርፌ ነው የሚያድጉት» አትበሉ። ሐሰት ነው፤ ስብሰባው ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪም ካለ ደግሞ እዚያው ያበቃላችኋል። ፍጥነቱ ያለው ዘራቸው ውስጥ ነው። ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዝርያና ሮስ 308ን አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ አሳደጉ። በ56 ቀን የጥንቱ 905 ግራም፣ ሮስ 308 ደግሞ 4,202 ግራም መዘነ።

ወሎ ላይ ሆኖ ከፍታውን መርሳት ደግሞ አይገባኝም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። በፍጥነት የሚያድግ ዶሮ ሥጋው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልብና ሳንባው ግን አይደርሱለትም። ልቡ ደም ወደ ሳንባ ሲገፋ ሲገፋ ይደክምና ሆዱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። አሳይቲስ ይሉታል። እንዲህ የሆነ ዶሮ መኖው አጠገብ ተቀምጦ ያለከልካል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል። ሆዱ ይወጠራል፤ ሲከፈት ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ መኖውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። ለአርቢው ይሄን ንገሩት። ከወጪው ትልቁ መኖ እንደሆነ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

አርቢውን እንደ ጠላት አትዩት። ሳታስፈቅዱ ቤቱ ገብታችሁ ፎቶ አታንሱ።

የእርድ ጉዳይም አታንሱ። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። እኛን የሚመለከተን ዶሮው በሕይወት እያለ የሚያየው ሥቃይ ነው።

ቤት ለቤት መዞርም ብዙ አያዋጣም። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ቤት ብሮይለርን ከመጀመሪያውም አይወደውም፤ ገና ወጡ ሳይበስል ሥጋው ይፈራርስበታል። ሆላንድ ውስጥ ለውጡ የመጣው ሱፐርማርኬቶች ፈጣኑን ዝርያ ከትኩስ ሥጋ መደርደሪያቸው ስላወጡት ነው። እዚህ ደግሞ በብዛት የሚገዛው የዶሮ ጥብስና አሮስቶ የሚያቀርበው ሆቴል ነው። ወደ እሱ ሂዱ። ስትሄዱ የታረደ ብሮይለር ሳይቆራረጥ ይዛችሁ እግሩን አሳዩት። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ተኝቶ የከረመ ዶሮ መገጣጠሚያው ላይ ጠቆር ያለ ቁስል ይኖረዋል። ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ያቃጠለው ነው።

ዋጋውን ግን አትደብቁ። በዝግታ የሚያድግ ዶሮ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ብዙ መኖ ይበላል፣ ስለዚህ ይወደዳል። ጭማሪውን ከፍሎ ይገዛ እንደሆነ የሆቴሉን ባለቤት ፊት ለፊት ጠይቁት።