«በዚያኛው እጅህ ነው!»፦ የቅርብ ማጂክ ለምን ይነቃበታል?

ሳንቲሟን ከቀኝ ወደ ግራ እጃችሁ አሻገራችሁ። እፍ አላችሁባት። ግራ እጃችሁ ሲከፈት ባዶ ነው። ተመልካቹ ግን አልደነቀውም። ቀኝ እጃችሁን እያየ «በዚያኛው ነው» ይላል።

ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው አፍንጫ ስር ማጂክ መስራት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ጀማሪዎች ይህንኑ ችግር ይዘው መጥተውልኛል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሱን በደንብ እንየው። ሦስት ስሞች ይደጋገማሉ፦ ፍሬንች ድሮፕ (ሳንቲም ለሌላው እጅ የሰጡ አስመስሎ ማስቀረት)፣ ፊንገር ፓልም (ሳንቲም በታጠፉ ጣቶች ውስጥ መደበቅ) እና ደብል ሊፍት (ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ ማንሳት)።

ምልክት፦ ተመልካቹ ሳንቲሟ ያለችበትን እጅ ያውቃል

ሁሉም የሚጠይቁኝ «ጣቴን እንዴት ላፍጥን?» ብለው ነው። ጣታችሁ ምንም አልሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዓይናችሁ ነው።

ሰው የሚያየው እናንተ የምታዩትን ነው። ሳንቲሟን የደበቀውን እጅ ለቅጽበት ካያችሁት፣ ተመልካቹም አብሯችሁ ያየዋል። ምን እንዳየ ላያውቅ ይችላል። ግን ጠርጥሯል፤ በቃ።

አንድ ልጅ መጣ። ፍሬንች ድሮፑ እንከን የለውም። እኔ ራሴ እጁ ላይ ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ግን ሁሉም ሰው ይነቃበታል። ስልኬን አውጥቼ ፊቱን ብቻ ቀረጽኩት። በየሙከራው፣ ልክ ሳንቲሟ በምትደበቅበት ሰዓት፣ ዓይኑ ወደ ቀኝ እጁ ዝቅ ይላል። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ቪዲዮውን ሲያይ ማመን አቃተው። ሦስት ወር ሙሉ ጣቱን ነበር ሲያሰለጥን የከረመው።

ሁለተኛው ምክንያት የደረቀ እጅ ነው። የደበቀው እጅ ስራ ፈትቶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጣቶቹ ተቆልምመዋል። አውራ ጣቱ ተገትሯል። ምንም ያልያዘ እጅ እንዲህ አይሆንም። አሁኑኑ እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ወደ ታች ልቀቁትና ጣቶቹን ተመልከቱ። በተፈጥሯቸው ትንሽ ታጥፈዋል አይደል? ፊንገር ፓልም የሚቀመጠው እዚያች እጥፋት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ መጨበጥ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ሳንቲሟ ግራ እጅ ገብታለች ብሎ ተመልካቹ ገና ሳያምን እጃችሁን ትከፍታላችሁ። ያኔ ወደ ኋላ ሄዶ ማሰብ ይቀለዋል። «ቅድም ከቀኝ ነበር የመጣችው» ይላል፤ ትክክልም ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሳንቲሟን በእውነት አሻግሯት። ምንም ማጭበርበር የለም፣ በእውነት። ሃያ ጊዜ። ዓይናችሁ የት እንደሚሄድ፣ ትከሻችሁ ምን እንደሚያደርግ፣ ባዶ የቀረው እጅ የት እንደሚያርፍ አስተውሉ። ይህን በስልክ ቅረጹት። ቀጥሎ የውሸቱን ቅረጹ። ሁለቱን ቪዲዮዎች ደርድራችሁ ተመልከቱ። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው የሚነቃባችሁ። የውሸቱን አታሳምሩት። እውነተኛውን እስኪመስል ድረስ ቀንሱለት።

መስታወት ብቻ አትመኑ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው። መስታወት ፊት የሚለማመድ ሰው ሳንቲሟን ሊደብቅ ሲል ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ራሱን ላለመያዝ ዓይኑ ይተባበረዋል። ስለዚህ ጥፋቱን በጭራሽ አያየውም። ካሜራ ግን አይጨፍንም።

ከዚያ ለደበቀው እጅ ስራ ስጡት። እስክሪብቶ ያንሳ፣ የቡና ስኒ ገፋ ያድርግ። እኔ እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣለሁ፤ ሳንቲሟም እዚያው ኪስ ውስጥ ትቀራለች። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ «በዚያኛው ነው» ቢል እንኳ ሁለቱም እጄ ባዶ ነው። በመጨረሻም ጠብቁ። ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ ለተመልካቹ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። መልሱን ጨርሶ ሲስቅ ክፈቱት።

ምልክት፦ ድሮ የሚሰራላችሁ ትርኢት ዛሬ እምቢ አለ

ይሄ ልምድ ያላቸውን ነው የሚያጠቃው። እኔን መትቶኛል። የመጀመሪያዋን የሳንቲም ትርኢቴን «የጀማሪ ናት» ብዬ ትቼ ቆየሁ። ስመለስባት ጣቴ ከድሮው ይበልጣል፤ ሰዎች ግን ነቁብኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል። ድሮ ሳንቲሟን ለሰው አስይዛለሁ፣ ክብደቷን አስገምታለሁ፣ ከዚያ እቀበላለሁ። አሁን ያንን ሁሉ ዘልዬ ወደ ዘዴው ሮጥኩ። ለእኔ ያረጀ ቢሆንም ለተመልካቹ ገና አዲስ ነበር።

መፍትሄ፦ ትርኢቱን ለማያውቅ ሰው እንደምታስተምሩ ከዜሮ በወረቀት ጻፉት። የዘለላችሁት እርምጃ ወዲያው ይታያችኋል። ያቺ ትርኢት ዛሬ መክፈቻዬ ናት፤ በጣም እወዳታለሁ።

ምልክት፦ ሳንቲሟ ከመዳፍ ትወድቃለች

አብዛኛው የአሜሪካ የሳንቲም ማጂክ ትምህርት የሚሰጠው በግማሽ ዶላር ሳንቲም ነው። ስፋቱ 30.6 ሚሊሜትር ነው። የእኛ የአንድ ብር ሳንቲም ወደ 27 ሚሊሜትር ነው። መዳፋችሁ ሰፊ ከሆነ ክላሲክ ፓልም (በመዳፍ መሃል ይዞ መደበቅ) ላይ አትይዝላችሁም። እጃችሁን አትውቀሱ፤ ወደ ፊንገር ፓልም ቀይሩ። ሳንቲም ላይ ማጣበቂያ የምትቀቡ ደግሞ ተዉ። ከተመልካቹ የተዋሳችሁትን እንዲህ አድርጋችሁ ልትመልሱ ነው?

ምልክት፦ ደብል ሊፍት ሲሰራ ካርታዎቹ ይለያያሉ

ካርታው ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ቀጭን ካርታ በሳምንቱ ይጎብጣል። ሙሉ ፕላስቲኩ ደግሞ ሳሙና እንደተቀባ ይንሸራተታል። እነዚህ ለማጂክ አልተሰሩም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ባይስክል ካርታ አስመጡ። ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰራ የኖረ ነው፤ ፊቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች አየር ስለሚይዙ በልኩ ይንሸራተታል። ሰርግ ላይ ስትሰሩ ክትፎ በልቶ እጁን ያልታጠበ ሰው ካርታ አታስመርጡ። ፓውደር አትነስንሱ። ካርታውን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉ። ከሰሃን አጠገብም አታስቀምጡ።

ምልክት፦ «ድገመው!»

አትድገሙ። ለመደጋገም የተሰራ ትርኢት ካላችሁ ብቻ። ካናዳዊው የካርታ ማጂክ ሰሪ ዳይ ቨርነን በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ዝነኛውን የማጂክ ሰው ሃሪ ሁዲኒን ያታለለው በመደጋገም ነው። ሁዲኒ ማንኛውንም ዘዴ ሦስት ጊዜ ካየ እንደሚነቃበት ይናገር ነበር። ቨርነን የተፈረመበትን ካርታ መሃል እየከተተ ከላይ እያወጣ ደጋገመው። ሁዲኒ አልነቃበትም።

ምልክት፦ የፕላስቲክ አውራ ጣቱ (ዕቃ የሚደበቅበት የውሸት ጣት) ይታያል

በርካሽ ሳጥን የሚመጣው ሮዝ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ከሩቅ ይጮኻል። ጣሉትና ጠቆር ያለውን ፈልጉ፤ ይሰራል።

ምልክት፦ ከታች ያለ ሕፃን ያያል

እናንተም ቁጭ በሉ።

ምልክት፦ ተመልካቹ ፈራ

የኛ ሰው ማጂክን ከድግምት ለይቶ ላያየው ይችላል። ቡና ላይ አንዲት እናት ሳንቲሟ ስትጠፋ አማተቡ፤ ስመልስላቸውም አልቀበልም አሉ። እንዲህ ሲሆን አትሳቁ፣ አታስፈራሩም። «እማማ፣ የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ ተለማምጄ ነው» አልኳቸው። ያለ ማጂክ ሳንቲሟን ከእጅ ወደ እጅ እያሻገርኩ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁት። እሱ ሲሞክር ወደቀችበት። እሳቸው አንስተው ሰጡትና «እንደገና ሞክር» አሉት።