የአቃቂ ጎመንና ከባድ ብረቶች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይዘው ነው። በዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት በመስኖ ይለማል። ተመራማሪዎችም ካድሚየም፣ ሊድና ክሮሚየም የተባሉትን ከባድ ብረቶች ከዚህ አትክልት ውስጥ ደጋግመው አግኝተዋል።

«በደንብ አጥቤዋለሁ» ብሎ መተማመን። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ኮምጣጤና ሎሚ ለጀርም ነው። ብረት አይሞትም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። ማጠብ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሊድ አፈር ላይ ሙጭጭ ስለሚል በስር በኩል ብዙም አይወጣም። ቅጠል ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ከአቧራና ከጭቃ ጋር የተለጠፈውን ነው፤ እሱን ውሃ ይቀንሰዋል፣ ካሮትንም መላጥ ይረዳል። ካድሚየም ሌላ ነው። ተክሉ ዚንክና ካልሲየም በሚስብበት መንገድ እሱንም ይስበዋል፣ ቅጠሉ ውስጥም ያከማቸዋል። ይሄን ማንም አጥቦ አያወጣውም።

በልምላሜው መፍረድ። የፍሳሽ ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ጎመኑ ቢያምር አይገርምም። በኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) መስፈርት ቅጠላ ቅጠል በኪሎ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም ሊኖረው አይገባም። ይህን ያህሉን ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም።

ሁሉንም አትክልት እኩል ማየት። ቆስጣና ሰላጣ ከቲማቲም የበለጠ ያከማቻሉ። ማሳው የሚያጠራጥር ከሆነ ቅጠሉን ትቶ ፍሬ የሚሰጥ ተክል መትከል የተሻለ ነው።

ውሃውን አንዴ ብቻ ማስመርመር። ፋብሪካ ፍሳሹን ሁሌ እኩል አይለቅም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ያቀጥነዋል። አፈሩ ግን የዓመታቱን ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ አፈሩም ይመርመር። አሲዳማ አፈር ካድሚየምን ለተክሉ ይለቅለታል። ኖራና ኮምፖስት ይህን ይቀንሳሉ እንጂ ብረቱን ከማሳው አያወጡትም።

«በልቼ ምንም አልሆንኩም» ማለት። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ አሥርና ከዚያም በላይ ዓመታት ይቆያል። ጃፓን ውስጥ በካድሚየም በተበከለው የጂንዙ ወንዝ በሚጠጣ ማሳ የበቀለውን ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እስኪሰበር ታመዋል። መንግሥት የበሽታው ምክንያት ብክለት መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው።

ፈርቶ ጎመን መተው። እንደኔ ይሄም ስህተት ነው። አይረን ያነሰው ሰውነት እንዲያውም ካድሚየምን የበለጠ ይወስዳል፤ በደንብ መመገብ ራሱ መከላከያ ነው። ይልቅ አትክልቱን ከአንድ ቦታ ብቻ አትግዙ። የጉልት ሻጯንም «እናቴ፣ ይሄ ጎመን ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ገበሬውን ብቻ መውቀስ። እሱ ያለውን ውሃ ነው የሚጠቀመው። ክሮሚየሙን በአብዛኛው የለቀቀው ቆዳ ፋብሪካ ነው፤ መጣራት ያለበትም እዚያው፣ ወንዙ ውስጥ ሳይገባ።