ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ፋይሉን አውጡ

አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። የሥራ ዘመኑን ፎቶዎች በአንድ ካርቶን አጭቆ ያስቀምጥ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ቤታችን ሲገባ ካርቶኑ ረጠበ። የተረፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አድርቄ ስካን አስደረግኩና ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝ። ወስጄ ለጥገና ሰጠሁት። በማግስቱ «ተሠርቷል» ተባልኩ። ስከፍተው አዲስ ዊንዶው ተጭኖበታል፣ የአባቴ ፎቶዎች የሉም። ውስጡ የምፈልገው ነገር ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም ኮምፒውተሩ እምቢ ሲለው ወደ እኔ ይደውላል። ሁሌም የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑ ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ። ፎቶው፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቃጠል እንኳ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ስለዚህ ማሽኑን መጠገን ሁለተኛ ሥራ ነው።

ፎርማት ለምን አይደረግም?

ፎርማት ማለት ዲስኩን እንደ ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ያን ጊዜ በአብዛኛው የሚጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ፣ ማለትም የት እንዳሉ የሚናገረው ዝርዝር ነው። ፋይሎቹ ራሳቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። አዲስ ዊንዶው ሲጫን ግን 20 ጊጋባይት ገደማ እላያቸው ላይ ይጻፋል። የተጻፈበትን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ኤስኤስዲ በሚባለው የሚዞር አካል በሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ነገሩ ይብሳል። ኤስኤስዲ ፋይሉ እንደተሰረዘ ሲነገረው ቦታውን ራሱ ያጸዳዋል። ስለዚህ ኤስኤስዲ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፋይል የማግኘት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ችግር፦ ጭራሽ አይበራም

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ነው፣ በላፕቶፕ ደግሞ ቻርጀሩ። መጀመሪያ ግን ቀላሉን እዩ። ያንኑ ሶኬት በሌላ ዕቃ ሞክሩት። ማከፋፈያውን ትታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ስታብላይዘር ካለም ለጊዜው አውጡት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ በቻርጀር ብቻ ሞክሩ። እንዲህ ብሎ የተነሳ ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ።

ካልሆነ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር። ውስጡን ግን አትክፈቱት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ይቆያል። ፋይሉ ከቸኮለባችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። አወጣጡን ከታች እነግራችኋለሁ።

ችግር፦ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው

ከሞኒተሩ ገመድ ጀምሩ። ደህና ከሆነ የምጠረጥረው ራሙን፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚሰካውን የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ ነው። የድሬ አቧራ የማይገባበት የለም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ራሙን አውጡ፣ ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ አስገቡ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ። ዲስኩ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም።

ችግር፦ ይነሳና ከደቂቃዎች በኋላ ራሱን ያጠፋል

ይህ ብዙ ጊዜ የሙቀት ችግር ነው። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ ብዙም አይገጥማቸውም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲገባ ግን አቧራ የደፈነው ላፕቶፕ መተንፈስ ያቅተዋል። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።

መፍትሄው ማጽዳትና የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት መቀየር ነው። ለፋይሉ ግን ያን አትጠብቁ። ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ላፕቶፑን ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቬንትሌተር አዙሩበት፣ ፍላሽ ሰክታችሁ ኮፒ ጀምሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ምትክ የሌለው ነገር ይሁን። ፊልምና ሙዚቃ ከሌላ ቦታ ይገኛል፣ የልጅ ፎቶ ግን አይገኝም።

ችግር፦ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ይላል

ማሽኑ ዊንዶው ያለበትን ዲስክ አላገኘም ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የሚያስፈራው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሳቢያን ሰፈር ያሉ አንዲት ጎረቤቴ በዚህ ምክንያት ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ። «ልጄ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም ብለውኛል። የልጄ ሠርግ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ልምጣ» አልኳቸው። ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩ። የጎኑን ብሎን ፈትቼ ሳየው የዲስኩ ገመድ ላልቶ ነበር። ቤት ሲቀይሩ ተንቀሳቅሷል። ገፋ አድርጌ ሰካሁት፣ ተነሳ። ሠርጉ እዚያው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ፣ ማሽኑ ከሱ ለመነሳት እየሞከረ ይሆናል። ዴስክቶፕ ከሆነ የዲስኩን ሁለት ገመዶች፣ የዳታውንም የፓወሩንም፣ ነቅላችሁ መልሱ። ከዚያ ባዮስ ግቡ፣ ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚከፈት የማሽኑ ቅንብር ገጽ ነው። ማሽኑ ሲበራ የምትጫኑት እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ዲሊት ወይም ኤፍ10 ነው። ዲስኩ እዚያ በስሙ ከታየ ግማሹ ጭንቀት አለቀ፣ የመነሻ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኛችሁት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ታገኟታላችሁ። እሷ ስታልቅ ባዮሱ ቅንብሩን ይረሳና ዲስኩን መፈለግ ያለበት ቦታ አይፈልገውም።

ባዮስ ላይ ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ በሌላ ገመድ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር።

ችግር፦ የዊንዶው ምልክት ይመጣል፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ወይም እንደገና መነሳት

ዊንዶው ታሟል፣ ፋይላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ብዙ ፋይል በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም «ዊንዶው ይጫንበት» የሚባለው ወዲያው ነው። ዊንዶው ሳይጫን ፋይል የሚወጣበት መንገድ ግን አለ።

የመጀመሪያው ምንም ዕቃ አይፈልግም። ምልክቱ ሲመጣ ማብሪያውን ተጭናችሁ አጥፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙት ዊንዶው 10 እና 11 የጥገና ገጽ ራሳቸው ያመጣሉ። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ብላችሁ ግቡ። በሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ ኖትፓድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ኢንተር በሉ። ኖትፓድ ሲከፈት ፋይል፣ ከዚያ ኦፕን። ከታች ኦል ፋይልስ ምረጡ። ይህቺ ትንሽ መስኮት ሙሉውን ዲስክ ታሳያችኋለች። ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ስማችሁን ፈልጉ፣ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኮፒ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት። ሲ የነበረው ዲስክ እዚህ ዲ ወይም ሌላ ተብሎ ሊመጣ ይችላል፣ አትደንግጡ። ሲኮፒ ምን ያህል እንደቀረው አያሳይም፣ የቆመም ይመስላል። ታገሱት።

አንዳንድ ላፕቶፕ እዚህ ጋ የቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶው መከላከያ፣ ቁልፍ ይጠይቃል። ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ነው። ላፕቶፑ ሲገዛ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፣ በስልክ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ያለሱ ፋይሉ አይነበብም። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካትም አያስመልጥም።

ሁለተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው፣ በዊንዶው ምትክ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ነፃ ሲስተም። በጓደኛ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት አውርዱ፣ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ለሞባይል ዳታ ኡቡንቱ ከሚባለው ሌላው ሊኑክስ ይሻላል። ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ባዶ ይሁን፣ ያለበት ነገር ሁሉ ይጠፋል። የታመመው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ስታበሩት ኤፍ12 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ምረጡ። ሊኑክሱ ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። «ኢንስቶል» የሚለውን በፍጹም አትጫኑ። ከዚያ ፎልደራችሁን ከፍታችሁ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ኮፒ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ፍላሽ ፋት32 በሚባል አሠራር ነው የሚመጣው፣ እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ አልገባ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ባዶውን ፍላሽ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።

ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ማንበብ

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ድሬ ውስጥ መጋላም ሆነ ታይዋን የሚባለው ገበያ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሱቆች ጎራ ብላችሁ «ሃርድ ዲስክን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር» በሉ። ታዲያ ከሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ እስኪበርድ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዓይነቱ ይለያያልና። የላፕቶፑ ትንሹ ዲስክ ከዩኤስቢ በሚመጣው 5 ቮልት ይሠራል። የዴስክቶፑ ትልቁ ግን 12 ቮልትም ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው መሆን አለበት። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም2 ደግሞ የራሱ ኬዝ አለው። አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይወጣም፣ ለነሱ ከላይ ያሉትን ሁለት መንገዶች ተጠቀሙ።

የምትሰኩበት ኮምፒውተር ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ቢሆን ይመረጣል። በአሮጌው ዩኤስቢ 100 ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በመሃል መብራት መሄዱ አይቀርም። ትልቁን ዲስክ የምትገለብጡ ከሆነ ግን አዳፕተሩ ከሶኬት ነው የሚሠራው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ያለው ቤት ፈልጉ።

ችግር፦ ዲስኩ ይታያል፣ ግን «ፎርማት ልታደርገው ትፈልጋለህ?» ይላል

ካንስል በሉ። ማውጫው ተበላሽቷል እንጂ ፋይሉ እዚያው ሊሆን ይችላል። ቴስትዲስክ እና ፎቶሬክ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፣ አብረው ነው የሚወርዱት። ቴስትዲስክ የጠፋውን የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) ፈልጎ ፋይሎቹን በስማቸው እንድትገለብጡ ያደርጋል። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ፋይሉን በመልኩ ነው የሚያውቀው፣ ስሙን ግን አይመልስም። ሺህ ፎቶ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ይወጣላችኋል። መለየቱ አድካሚ ነው፣ ግን የእናታችሁ ፎቶ እዚያ ውስጥ ካለ ድካሙ ምንም አይደለም። የሚወጣውን ሁሌም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ዲስኩ እየዘገየ ወይም እየተቋረጠ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ «ቼክ ዲስክ» አታስኪዱበት። ለመጠገን ሲል ይጽፍበታል። እንዲህ ላለው ዲዲሬስኪዩ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም አለ። ደህናውን ቦታ አስቀድሞ ይገለብጣል፣ ወደተጎዳው በኋላ ይመለሳል። የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል።

ችግር፦ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል

አጥፉት። አሁኑኑ። ብዙ ጊዜ የሚያነበው መርፌ ተጎድቷል ማለት ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞረውን ሰሌዳ በበራ ቁጥር ሊፍቀው ይችላል፣ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። አትክፈቱት፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱም አሉ፣ እርጥበት ስለሚፈጥር ጉዳቱን ያብሳል። ይህን ከአቧራ በጸዳ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው፣ ዋጋውም ውድ ነው። አሁን አቅሙ ከሌላችሁ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። እንዳይነካ ከተቀመጠ ገንዘቡ እስኪገኝ ይጠብቃችኋል።

ለጥገና ስትሰጡ

በቃል አትንገሩ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በፕላስተር ማሽኑ ላይ ለጥፉ፦ «ፎርማት እንዳይደረግ። ፋይል አለው።» ከተቻለ ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት አስቀሩትና ማሽኑን ብቻ ስጡ። ዲስኩ ከተቀየረም አሮጌውን ተቀበሉ፣ የናንተ ነው።

ፋይሉን ራሳችሁ ካወጣችሁም ኮፒው አለቀ ብላችሁ አትተኙ። ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ ክፈቱ፣ ቪዲዮውን ከመሃል አስጀምሩት። ሲከፈት ካያችሁ በሌላ ፍላሽ አንድ ጊዜ ገልብጡትና ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ዊንዶው ይጫንበት፣ ፎርማትም ይደረግ።