አዲስ አበባ ውስጥ የዘመድን መቃብር ፍለጋ

ቤተ ክርስቲያን ከመሄድዎ በፊት ሟች የነበሩበትን እድር ያግኙ። ለቀብር የተከፈለው ገንዘብ ከነቀኑ በእድሩ መዝገብ ሊገኝ ይችላል፤ ለእናቶች የሴቶቹንም እድር ይጠይቁ። ቀኑ ከታወቀ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የቀብር መዝገቡን ወይም የደረሰኝ ጉርዱን ማገላበጥ ይቀለዋል።

መጠሪያ ስም ብቻውን አይበቃም። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ ካህናቱም የሚያስታውሱት እሱን ሊሆን ይችላል። ቀኑ ያለው በፈረንጅ ሰነድ ላይ ከሆነ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7፣ ለቀረው 8 ዓመት ይቀንሱ። ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳተ ዓመት መዝገብ ይከፈታል።

ሐውልቱ ከጠፋስ? የቆየ መቃብር ለሌላ ተሰጥቶ፣ አፅሙ ወደ ፉካ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ከጸሐፊው ይልቅ አንጋፋውን መቃብር ቆፋሪ ይጠይቁ።